«ከባድ አታንሳ» የተባለ ሰው እንዴት እንደሚያነሳም ይነገረው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የወገብ ዲስክ የተንሸራተተባቸው ሰዎች ከሕክምና ሲመለሱ ይዘውት የሚወጡት ምክር ብዙውን ጊዜ «ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳታነሳ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ምክሩ በሕመሙ የመጀመሪያ ሳምንታት ተገቢ ቢሆንም የዕድሜ ልክ ትእዛዝ ሲሆን ጉዳት አለው ብዬ ስለማምን፣ የራሴን ታሪክ መነሻ አድርጌ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

እኔ በደሴ ከተማ የምኖር የ43 ዓመት መምህር ነኝ። ለስምንት ዓመታት ያህል በሳምንት ሦስት ቀን ብረት ስሠራ አንድም ቀን ያላመመኝ ወገቤ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ከአይሱዙ ላይ የማሽላ ኩንታል ለማውረድ ጎንበስ ብዬ በተጠማዘዝኩበት ቅጽበት ተያዘ። በማግስቱ ሕመሙ ከወገቤ ተነስቶ በግራ ታፋዬና ባቴ በኩል እስከ አውራ ጣቴ ወረደ፤ ጣቴንም ወደ ላይ ማንሳት አቃተኝ። በኋላ በኤምአርአይ እንደታየው በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አንጓ መካከል ያለው ዲስክ ወደ ኋላ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል። አብዛኛው የወገብ ዲስክ መንሸራተት የሚደርሰው በዚሁና ከሥሩ ባለው ዲስክ ላይ መሆኑንም ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ጎረቤቶቼ ቡና እያፈሉ፣ «አብሽር» እያሉ ዱዓ አደረጉልኝ፤ ወጌሻ ጠርተን እናሳሽህ ያሉም ነበሩ። ዱዓቸውን በምስጋና ተቀብዬ፣ ነርቭ የተጫነበትን ወገብ በኃይል ማሸት የባሰ ጉዳት እንዳያመጣ ፈርቼ ወጌሻውን አልጠራሁም። ስሕተቴ ያን ያህል መተኛቴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ስለ ወገብ ሕመም በተከታታይ የታተሙት ጽሑፎች እንደሚያሳስቡት፣ ሕመምተኛው በተቻለው መጠን መንቀሳቀሱና ወደ ዕለት ሥራው መመለሱ ከአልጋ ዕረፍት ይሻለዋል። «ዲስክ ተንሸራተተ» የሚለው አነጋገራችን ራሱ ያሳስተናል። ዲስኩ እንደ ወለቀ ዕቃ ከቦታው ሄዶ የሚመልሰው ሰው የሚጠብቅ አይደለም፤ ጠንካራው የውጭ ቀለበት ሲሰነጠቅ በውስጡ ያለው ለስላሳ ክፍል ገፍቶ ይወጣል፤ የወጣውንም ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ መጥጦ ያጠፋዋል። ስለዚህም ብዙ ሕመምተኞች ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላቸዋል። ሽንቱን ወይም ሰገራውን መቆጣጠር ያቃተው፣ በመቀመጫውና በብልቱ አካባቢ የደነዘዘው፣ ወይም እግሩ ከቀን ወደ ቀን እየሰነፈ የሄደ ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ ሳያሳድር ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

እኔን ያነሳችኝ አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ብረት ከመንካቴ በፊት የመጥረጊያ እንጨት ሰጠችኝ። እንጨቱን በጀርባዬ ላይ አቁሜ በአንድ እጄ ከአንገቴ በኩል፣ በሌላው ከወገቤ በኩል ያዝኩት፤ የራሴን የኋላ ክፍል፣ የትከሻዬን መሐልና ዳሌዬን ሳይለቅ ጎንበስ እንድል አዘዘችኝ። በመጀመሪያው ሙከራ ገና አንድ ስንዝር ሳልወርድ እንጨቱ ከዳሌዬ ተላቀቀ። ስምንት ዓመት ብረት ሳነሳ የተጎነበስኩት ከዳሌዬ ሳይሆን ከወገቤ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ። እየተለማመድኩ ስሄድ ይህ አጎነባበስ አዲስ እንዳልሆነብኝ አስተዋልኩ፤ ጉልበት በእጅ ተይዞ፣ ጀርባ ተስተካክሎ የሚደረገው የሶላት ሩኩዕ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ ስሰግድ ከሰነበትኩ በኋላ ሩኩዕን ሳልፈራ ያደረግኩበትን ቀን አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ የታዘዘልኝ ክብደት በየቤታችን ያለው ቢጫ ጀሪካን ነበር። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን እንደተፈለገ የሚጨመርበትና የሚቀነስለት ክብደት ነው። በ5 ሊትር ጀመርኩ፤ ጀሪካኑንም ጎንበስ ማለቱ እንዲያጥር ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ሳይከብደኝ ሲቀር ውኃውን እጨምራለሁ፤ ሲሞላ ደግሞ ውኃውን ቀንሼ ድንጋዩን ከሥሩ አስወግዳለሁ። ዳኛው የማግስቱ ጠዋት ነበር። ሕመሙ ከባቴ ወደ ታፋዬ፣ ከታፋዬ ወደ ወገቤ እየሸሸ ከመጣ ደግ ምልክት ነው፤ ወደ እግሬ ከወረደ ግን ሸክሙን እቀንሳለሁ። አንድ ነገር ግን በእኛ ሰፈር አስቸጋሪ ነው። ዲስክ ሌሊት ውኃ ስለሚጠጣ ጠዋት ያበጠና የተወጠረ ይሆናል፤ ከእንቅልፍ በተነሱበት የመጀመሪያ ሰዓት መጎንበስና ማንሳት ወገብን በይበልጥ የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው። የቧንቧ ውኃችን በፈረቃ የሚመጣው ደግሞ ሲነጋጋ ነው። ስለዚህ ሙሉ ሰዓት መጠበቅ ባይቻለኝም ቢያንስ ለሩብ ሰዓት ያህል ወዲያ ወዲህ ሳልል ጀሪካን አልነካም፤ ባለቤቴንና ልጆቼንም ይህንኑ አስለምጃለሁ።

ወደ ጂም የተመለስኩት በስድስተኛው ወር ነው። ባዶውን ባለ 20 ኪሎ ብረት ከወለል ከፍ አድርጌ ጀመርኩ፤ 60 ኪሎ ከወለል ለማንሳት ተጨማሪ ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ። በአሰልጣኞች ላይ ያለኝን ቅሬታ መናገር ያለብኝ እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ የሄድኩበት ጂም አሰልጣኝ ስለ ወገቤ ነግሬው እንኳ ሰፊ ቀበቶ አስታጥቆ በመጀመሪያው ቀን 80 ኪሎ ጫነልኝ፤ እምቢ ብዬ ወጣሁ። ቀበቶ የሆድና የጎን ጡንቻዎችን ሥራ ሊያግዝ ይችላል እንጂ ሊተካው አይችልም።

ይህ ጉዳይ እንደ እኔ ብረት የሚሠሩትን ብቻ የሚመለከት ቢሆን ኖሮ ጋዜጣችሁን ባላስቸገርኩ ነበር። ባለፈው ክረምት በከተማችን ሰኞ ገበያ በሚባለው ስፍራ ያገኘሁት ወጣት ተሸካሚ የኤምአርአይ ውጤቱን በፌስታል ጠቅልሎ በኪሱ ይዞ ይዞራል። «ዕድሜ ልክህን ከ5 ኪሎ በላይ እንዳታነሳ ተብዬ በሳምንቱ ኩንታል ተሸከምኩ፤ ታዲያ ልጆቼን ምን ላብላቸው?» አለኝ። እንዴት ጎንበስ እንደሚል፣ በስንት ኪሎ እንደሚጀምር፣ መቼ ማቆም እንዳለበት አንድም ሰው አላሳየውም። ምንም ሕመም በሌላቸው ብዙ ሰዎች ወገብ ላይም ወደ ውጭ የገፋ ዲስክ በምርመራ እንደሚታይ ስነግረው ወረቀቱን አውጥቶ ደግሞ ደጋግሞ አየው።

ስለዚህ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋብዞ፣ ከዲስክ ሕመም በኋላ ወደ ሸክም ሥራና ወደ ብረት ስፖርት ደረጃ በደረጃ እንዴት መመለስ እንደሚቻል በሥዕል አስደግፎ በጤና ዓምዱ እንዲያወጣልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከወጣልን አባዝቼ ሰኞ ገበያ ላሉት ተሸካሚዎች ራሴ አድላለሁ።

አክባሪያችሁ
አንድ መምህር፣ ከደሴ