ከቬርኮር ተራሮች መልስ

ሊዮን፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አብሮ አደግ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እማማስ፣ ልጆችህስ እንደምን ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

አባትህ ካረፉ አራት ዓመት ሊሞላ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ድምፄን አላሰማሁህም። መርዶውን የሰማሁ ዕለት ነገ እደውላለሁ አልኩ፤ ነገ ሲባል ሳምንት አለፈ፤ ከሳምንቱ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ እጀምራለሁ የሚል ኀፍረት ያዘኝ፤ ኀፍረቱም እየሰነበተ ዝምታ ሆኖ ቀረ። ለዚህ የማቀርበው ምክንያት የለኝም፤ ይቅርታህን ብቻ እለምናለሁ። ባለፈው ወር ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ቬርኮር የሚባለውን የፈረንሳይ ተራራማ አገር በብስክሌት አቋርጠን፣ ሌሊት ሌሊት በድንኳን እያደርን፣ በሰባት ቀን ጨርሰን ተመለስን። በዚያ መንገድ ላይ አንተም አባትህም ከአሳቤ ስላልጠፋችሁ፣ እንዴት እንደነበረ ሳልጽፍልህ መቆየት አልቻልኩም።

የሐዋርያት ጾም በተፈታ ማግስት ከሊዮን በባቡር ወደ ግሬኖብል ሄድን። አራት ብስክሌት፣ ሁለት ድንኳን፣ አራት የመኝታ ከረጢት፣ አንዲት ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ መለዋወጫ ከመነዳሪና እናቴ የላከችው በሶ ነበረን። ታላቋ አሥራ አንድ ዓመቷ ስለሆነ የራሷን ልብስ በብስክሌቷ ጭና ራሷን ችላ ትነዳለች፤ ትንሹ ግን ገና ሰባት ዓመቱ ነውና፣ ዳገት ሲሆን የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ ብስክሌቱን ከእኔ ኋላ የሚያያይዝ ብረት ገዝቼ ነበር። ለሁለቱም የራስ ቁር አድርገናል፤ በዚህ አገር ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ይህ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕግ ግዴታ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከሁሉም የከበደው ነበር። ግሬኖብል ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ባለው ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ከዚያ ተነሥተን ሳን ኒዚዬ ወደምትባለው መንደር ለመድረስ ከ900 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ነበረብን። መንገዱ ጥምዝምዝ እያለ ይወጣል፤ ከአንዱ ጥምዝ ወደ ሌላው ስንደርስ እየቆምን ውኃ እንጠጣለን፣ ባለቤቴ ጭብጦ እየቆረሰች ታድለናለች። ጭብጦ ለዳገት የሚሆን ስንቅ መሆኑን አባቶቻችን የሚያውቁትን እኔ በአርባ ዓመቴ ገና አረጋገጥኩ። ሽቅቡን ለመጨረስ አምስት ሰዓት ፈጀብን። ከላይ ሆነን ከተማዋን ቁልቁል ስናያት ሴት ልጄ እኔ ያደግኩበት አገር ከዚህ ይበልጥ ከፍ ይል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያልፋል፤ በዚህ ጉዞ ከረገጥነው ከማንኛውም ቦታ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል ብላት ለማመን ተቸገረች። እዚህ ተራራ ማለት ክረምቱን በረዶ የሚውጠው፣ ጥድ የሸፈነው፣ ለብቻው የተነጠለ ዓለም ነው፤ እኛ ግን ከዚያ በላይ ባለው ከፍታ ገብስ ስንዘራና ስናጭድ፣ ትምህርት ቤት ስንመላለስ ሜዳ ላይ ያለን ይመስለን ነበር።

በማግስቱ በተራራው አናት ባለው ሜዳ ላይ፣ ላን ከምትባለው መንደር ወደ ቪላር ደ ላን የሚወስደውን የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ያዝን፤ መኪና የማይገባበት፣ በሣር ሜዳና በላም ግጦሽ መካከል የሚያልፍ ለጥ ያለ መንገድ ነው። እዚያ ነው ስለአንተ አብዝቼ ያሰብኩት። ትንሹ ብረቱን ፍታልኝ፣ እኔም እንደ እህቴ ብቻዬን እነዳለሁ አለ። ቤታችን አካባቢ በግቢ ውስጥ ጥቂት ሞክሮ ነበር እንጂ እንዲህ ባለ ረጅም መንገድ ራሱን ችሎ ነድቶ አያውቅም። ብረቱን ፈትቼ፣ ኮርቻውን ከኋላ ይዤ አብሬው መሮጥ ጀመርኩ፤ ሳላስበውም ከአፌ የወጣው "ይዤሃለሁ፣ ፊት ለፊትህን እያየህ ንዳ" የሚለው ያንተ ቃል ነበር። ትዝ ይልሃል? በሰዓት በተከራየናት፣ ካቴናዋ በየመቶ ሜትሩ በሚወልቅ ብስክሌት፣ አንተ እንዲሁ ይዘኸኝ ስትሮጥ ከለቀቅከኝ በኋላም ይዤሃለሁ እያልክ ትጮህ ነበር። መልቀቅህን ያወቅኩት ድምፅህ እየራቀ ሲሄድ ነው። እኔም ለልጄ እንደዚያው አደረግኩ፤ ኮርቻውን ለቅቄ ቆሜ ይዤሃለሁ እያልኩ ስጣራ ጥቂት ሄደና ዞር ሳይል "አባዬ፣ ድምፅህ ራቀ እኮ!" አለኝ። እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጬ እንባዬን ጠረግኩ። ባለቤቴ ደክሞኝ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ታሪኩ የከበደ ነው። ቬርኮር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመንን ወረራ የተቃወሙ ፈረንሳውያን የመሸጉበት ምድር ነበር። ልጆቼ "ማኪ" ምን ማለት ነው ሲሉኝ በአማርኛ ከአርበኛ ሌላ የምለው ቃል አላገኘሁም፤ እነርሱም ወዲያው ገባቸው። ቫልሼቭሪዬር የምትባል ትንሽ መንደር በሐምሌ ወር 1944 እ.ኤ.አ. ተቃጥላ ጸሎት ቤቷ ብቻ ቆማ ቀርታለች፤ ከቤቶቹ የቀረው የግድግዳ ፍርስራሽ ሣር በቅሎበታል። ቫሲዩ በምትባለው መንደር ደግሞ አርበኞቹ ለተባባሪዎቹ አገሮች አውሮፕላኖች ማረፊያ ሜዳ እየደለደሉ ሳለ፣ ጁላይ 21 ቀን ከሰማይ የወረዱት ወታደር የጫኑ የጀርመን ሞተር አልባ አውሮፕላኖች ሆኑ፤ ከሰባ በላይ የመንደሩ ሰዎች ተገደሉ።

ከሁሉ ያልረሳሁት ግን በሳንት አኛን አቅራቢያ ያለው የሉዊር ዋሻ ነው። አርበኞቹ ጠላት ወደ ሆስፒታላቸው በተጠጋ ጊዜ ቁስለኞቻቸውን ወደዚያ ዋሻ አሸሹ፤ ጁላይ 27 ቀን ጀርመኖች ደረሱባቸው፤ መነሣት የማይችሉትን ቁስለኞች ገደሉ፣ ነርሶቹን ወደ ራቨንስብሩክ የእስረኞች ካምፕ ላኩ። የዋሻው አፍ ሰፊ ነው፤ ከውስጥ የሚወጣው ቅዝቃዜ በሐምሌ ፀሐይ እንኳ ያንቀጠቅጣል። እዚያ ቆሜ የአባትህ ድምፅ በጆሮዬ መጣ። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው አባታቸው በአርበኝነት ዘመን የደረሰባቸውን ሲነግሩን፣ በ1931 ዓ.ም. ጣሊያኖች በሰሜን ሸዋ አመፀኛ ዋሻ ውስጥ የተጠለለውን ሕዝብ በመርዝ ጋዝ እንዴት እንደፈጁት ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር፤ እኛም ትንፋሻችንን ውጠን እንሰማ ነበር። ለልጆቼ የዚያን ዋሻ ነገር ነገርኳቸው። ግን አንድ ነገር አሳዘነኝ፤ ግማሹን ረስቼዋለሁ። አያትህ በማን ሥር ሆነው እንደተዋጉ፣ ከቆሰሉ በኋላ ማን እንዳስታመማቸው ሴት ልጄ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። አባትህ በሕይወት ሳሉ ደግሜ መጠየቅ የነበረብኝን ሳልጠይቅ፣ ለቅሷቸውንም ሳልደርስ ቀረሁ።

በዚያ ሌሊት ካረፍንበት የማዘጋጃ ቤት ካምፒንግ ላይ ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፤ የአንደኛው ድንኳን ዘንግ ተሰብሮ አራታችንም በአንዱ ተጨናንቀን አደርን። በጠዋት ግን ያ ሁሉ ውኃ የት እንደገባ አይታወቅም ነበር። ምድሩ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ዝናቡ በየስንጥቁ ወደ ውስጥ ይሰርግና ከመሬት በታች ወንዝ ሆኖ ይሄዳል፤ ስለዚህ ላዩ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ምንጭ በቀላሉ አይገኝም፤ ፏፏ ከሚልበት የመንደር ቧንቧ ሳንቀዳ ማለፍ አልነበረብንም።

በስድስተኛው ቀን 1,254 ሜትር ከፍታ ካለው የሩሴ የተራራ ማለፊያ ሥር ያለውን ዋሻ መንገድ መብራት አብርተን፣ ተሰልፈን በዝግታ አለፍን። ከዚያ ወዲያ ያለው ሌላ አገር ነው። በሰሜን በኩል ጥድና ጭጋግ ትተን ወጥተን ነበር፤ በደቡቡ አፍ ብቅ ስንል ሙቀት ፊታችንን መታን፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጫጭ ገደሎች ከፊታችን ቆሙ። ቁልቁለቱ እስከ ዲ ከተማ ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ፍሬን እንዳይግል በየጥምዙ እየቆምን ወረድን። በአንዱ ማቆሚያ ላይ ጥንብ አንሳዎች ከገደሉ ጫፍ ተነሥተው ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ሲዞሩ አየን። አጥንት ከሰማይ እየጣለ የሚሰብረው ትልቁ ጥንብ አንሳ ከአልፕስ ፈጽሞ ጠፍቶ ስለነበር ጫጩቶቹን እያሳደጉ በመልቀቅ እየመለሱት ነው፤ በቬርኮርም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተለቅቋል። እኛ በልጅነታችን ከቄራው በላይ ሲያንዣብብ ቀና ብለን የማናየውን ወፍ፣ እዚህ ሰዎች መነጽር ይዘው ቀኑን ሙሉ ሲጠብቁት አይቼ፣ ያገራችንን ሰማይ ለልጆቼ ሳላሳይ መቆየቴ ቆጨኝ።

ዲ ላይ የባለቤቴን የፍሬን ጎማ ቀየርን፣ አንድ ሌሊት አደርን፣ በማግስቱ ብስክሌቶቹን በባቡር ጭነን በቫላንስ በኩል ወደ ቤታችን ገባን።

ሴት ልጄ ስለ አያትህ የጀመረችውን ጥያቄ አልተወችም፤ ጥያቄዎቿን በደብተር ጽፋ አንተን ራስህን ልትጠይቅህ ትፈልጋለች። ቅዳሜ በእናንተ ሰዓት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። መጀመሪያ እኔ ስለ አባትህ እግዚአብሔር ያጽናህ ልበልህ፣ ከዚያ ለእርሷ እሰጣታለሁ። ስልክህ ያው ከሆነ አንሣልኝ።

ናፋቂ ወንድምህ