ፒያኖው ሲወጣ ሥራውን ማን ይረከበው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በባህል ገጻችሁ ላይ የጀርመንን ሊድ፣ ማለትም ለአንድ ድምፅና ለፒያኖ የተጻፈውን የግጥም ዘፈን፣ በአኮርዲዮን፣ በባንጆና በሉፕ ፔዳል (የተጫወቱትን ቀርጾ ደጋግሞ በሚያሰማ የእግር መርገጫ) የሚጫወቱ የሙከራ ፎክ ሙዚቀኞችን «ቅርስ አፍራሾች» ብሎ የወቀሰ ጽሑፍ አንብቤ ነው ይህን የምጽፈው። መወቀስ ያለበት ነገር አለ፤ ጽሑፉ የወቀሰው ግን ሌላውን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ዘፈኖች ከሕዝብ ዜማ ጋር ሲወስዱና ሲሰጡ የኖሩ ናቸው። በሙዚቃ ደራሲው ፍራንዝ ሹበርት ዘመን የቪየና አሳታሚዎች አንዳንዶቹን ዘፈኖቹን ከጊታር አጀብ ጋር ያወጡ ነበር። ሌላው የሙዚቃ ደራሲ ብራምስ በ1894 ለ49 የሕዝብ ዘፈኖች የፒያኖ ክፍል ጽፎ አሳትሟል። ሹበርት በ1827 በቪልሄልም ሙለር ግጥሞች ላይ ከደረሳቸው 24 የ«ቪንተርራይዘ» («የክረምት ጉዞ») ዘፈኖች አምስተኛውን፣ «ዴር ሊንደንባውም»ን («የሊንደን ዛፍ»)፣ ፍሪድሪሽ ዚልኸር በ1846 ለወንዶች መዘምራን አቅልሎ አዘጋጀው፤ የሕዝብ ዘፈን ሆኖ በየአፉ የገባውም የእሱ ነው።

ዚልኸር ምን እንደጣለም ማየት ደግ ነው። በሹበርት ዘንድ ዘፈኑ በሜጀር፣ በብሩሁ የድምፅ ስልት፣ ረጋ ብሎ ይጀምራል፣ መንገደኛው በሌሊት በዛፉ አጠገብ ሲያልፍ ወደ ማይነር፣ ወደ ሐዘንተኛው ስልት፣ ይጠቁራል፣ ብርዳማው ነፋስ ፊቱን ሲገርፈውና ባርኔጣውን ሲወስድበት ደግሞ ፒያኖው ይታወካል። ዚልኸር ሁሉንም አንጓ በዚያው በመጀመሪያው ዜማ አዘመረው። ባርኔጣው በነፋስ ሲሄድም ዜማው ዛፉ ጥላ ሥር እንደተቀመጠ ነው። የዛሬዎቹም ጥፋት ይኸው ነው። ዜማውን ይወስዱና ፒያኖውን ይጥሉታል። ሊድ ውስጥ ፒያኖው ሁለተኛው ተራኪ ነው፤ ቢያወጡት ግድ የለም፣ ሥራውን ግን ሌላ መሣሪያ ሊረከበው ይገባል። ሃንስ ዜንደር በ1993 «ቪንተርራይዘ»ን ለአነስተኛ ኦርኬስትራ ሲያዘጋጅ አኮርዲዮን፣ ጊታርና የነፋስ ማሽን አስገብቶበታል፤ የፒያኖው ሥራ ለብዙ እጅ ተከፋፈለ እንጂ አልቀረም።

ሹበርት በ1814 የደረሰውን «ግሬትሸን አም ሽፒንራደ»ን («ግሬትሸን ከመፍተያዋ ጋር») እንይ። ልጅቷ ክር እየፈተለች የሄደባትን ሰው ታስባለች። የፒያኖው ቀኝ እጅ የመፍተያውን መንኮራኩር ያዞራል፣ ግራው የመርገጫውን ምት ይይዛል። የሙከራ ፎክ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ ይህን ዙር በሉፕ ፔዳል ቀርጾ ማስኬድ ነው። ይህ በሁለት በኩል ከዘፈኑ ጋር ያጣላዋል። አንደኛ፣ ዘፈኑ በዲ ማይነር ተነሥቶ የመጀመሪያው አንጓ ሳያልቅ ወደ ሲ ሜጀር ይሻገራል፤ በአንድ ኮርድ (አብረው በሚሰሙ ድምፆች ስብስብ) የተቀረጸ ሉፕ ግን ዲ ማይነር ላይ እንደተቸከለ ይቀራል። ሁለተኛው ይብሳል። «ዛይን ኩስ»፣ መሳሙ፣ ስትል መንኮራኩሩ ቀጥ ይላል፤ እጇ ሥራውን ረስቷል። ከዚያ እየተንገዳገደ ይነሣል። ሉፕ መንገዳገድ አያውቅም። ስለዚህ ወደ ሉፑ የሚገባው በመዳፍ የታፈነ የባንጆ ክር ምት ብቻ ይሁን፣ ኮርዱ በእጅ ይለወጥ፤ መሳሙ ላይ ፔዳሉ ይዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በእጅ ይጫወት።

የ«ቪንተርራይዘ» መዝጊያ የሆነው «ዴር ላየርማን» ደግሞ ለፎክ ሙዚቀኛ ታስቦ የተጻፈ ይመስላል። አንድ ሽማግሌ በባዶ እግሩ በረዶ ላይ ቆሞ በደነዘዘ ጣቱ ድሬህላየር ያዞራል፤ የሳንቲም ሳህኑ ባዶ ነው። የድሬህላየር መንኮራኩር በእጅ እየተዘወረ እንደ ቫዮሊን ደጋን ክሮቹን ይፈትጋል፤ አንዳንዱ ክር ዜማ ይጫወታል፣ ሌላው ሳይቋረጥ አንድ ድምፅ ይዞ ይቆያል። ይህን ሁለተኛውን ሙዚቀኞች ድሮን ይሉታል። ሹበርት በፒያኖው ግራ እጅ አስመስሎታል፤ ኤ እና ኢ የተባሉት ድምፆች አብረው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይመታሉ።

ታዲያ እውነተኛውን ድሬህላየር ማምጣት ብቻውን አይበቃም። ብዙውን ጊዜ የመሣሪያው ድሮኖች የሚቃኙት በጂ እና በዲ ወይም በሲ ነው፤ ክሩን በግድ ወደ ኤ ማጥበቅ ሊበጥሰው ይችላል። ዘፈኑን ወደ ጂ ማይነር ማውረድ ይሻላል። የሹበርት የእጅ ጽሑፍ በቢ ማይነር ነው፤ በ1828 ሲታተም አንድ ሙሉ ድምፅ ወርዶ ኤ ማይነር ሆኗል፤ አንድ ተጨማሪ ቢወርድ ሰማይ አይደፋብንም። ሲቃኝ መጀመሪያ ዝቅተኛው ጂ ይስተካከል፣ ከዚያ ዲው ይጨመርና መንኮራኩሩን በቀስታ እያዞሩ በሁለቱ መካከል የሚሰማው መርገብገብ እስኪጠፋ ድረስ ይጠበቅ። የዜማው ክር የመጨረሻ ነው።

ክሮቹ መንኮራኩሩን በሚነኩበት ቦታ ላይ የሚጠቀለለው ጥጥ ጥቂት ጭረት ብቻ መሆን አለበት። ከበዛ ድምፁ ይታፈናል፣ ካነሰ ይፋጫል። የደጋን ሙጫውም መንኮራኩሩ እየዞረ ለስለስ ተደርጎ ይነካ፤ ሲበዛ ያንቋርራል። እርጥበት ሁሉንም ስለሚለውጥ ጠዋት የተቃኘውን ማታ ማመን አይገባም።

አኮርዲዮን አብሮ ካለ ሌላ ጣጣ አለ። በጂ እና በዲ ድሮን ላይ ንጹሕ የሚሆነው ማይነር ሦስተኛ፣ ማለትም ከጂ እስከ ቢ ፍላት ያለው ርቀት፣ 316 ሴንት ነው (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው)፤ የአኮርዲዮኑ ቢ ፍላት ግን እንደ ፒያኖው 300 ላይ ተቀምጧል። ያቺ 16 ሴንት በረዥሙ ሲያዙት ጥርስ ታፋጫለች፣ በዜማ መሐል ሲያልፉባት ግን አትሰማም። ስለዚህ አኮርዲዮኑ በሚዘልቅ ኮርድ ውስጥ ሦስተኛውን ይተው፤ የሚንቀጠቀጠውን ሬጅስተር ዘግቶም በአንድ ሪድ (ድምፅ በሚያወጣው የብረት ምላስ) ይጫወት።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ዘፈኑን ያድኑታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሜዠሮች (የምት ክፍሎች) ብቻ በግራው እጅ በግማሽ ድምፅ ከሥር የምትነሣ ጌጥ ኖታ አለች፤ የሚነቃ መሣሪያ ማጓራት ትመስላለች። በድሬህላየር ኖታዋን መጫወት አያስፈልግም፣ መንኮራኩሩን ከቆመበት በዝግታ ማስነሣት ያመጣታል። መጨረሻ ላይ ደግሞ መንገደኛው ሽማግሌውን «አብሬህ ልሂድ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ ፒያኖው አንዴ ይጎላል። ድሬህላየር በኃይል ቢዞር ይቧጥጣል እንጂ አይጎላም። በኦክታቭ ከፍ ያለችውን የጂ ክር እስከዚያ ከመንኮራኩሩ አርቆ ማቆየትና እዚያ ላይ ብቻ መልቀቅ ነው። ምት ለማውጣት የሚነዝረው የመሣሪያው ድልድይ በጭራሽ አይነካ፤ እሱ ለጭፈራ ነው፣ የደነዘዘ ጣት አያስጨፍርም።

እዚህ የሠራ ድሮን ሁሉም ጋ ይሠራል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። አባት የታመመ ልጁን ይዞ በሌሊት በሚጋልብበት በሹበርት «ኤርልኮኒሽ» ልጁ መንፈስ አይቶ «አባቴ፣ አባቴ» እያለ ሦስት ጊዜ ሲጮኽ ጩኸቱ በየጊዜው ከፍ ይላል፣ ቤዙም (የታችኛው ድምፅ) አብሮት ይሄዳል፤ ልጁ በየጊዜው ከቤዙ ጋር በአንድ ዓይነት ስለታም ግጭት ይጋጫል። ጂ ላይ የተተከለ ድሮን ያንን ስለታም ግጭት በጫጫታ ይሸፍነዋል፣ ልጁም ሳይሰማ ይሞታል።

የቅጂ መብትን በተመለከተ የሹበርትና የሹማን ሥራ ነፃ ነው፤ የዘመናችን ኅትመትና ትርጉም ግን ላይሆን ይችላል። የኋለኛው የሊድ ደራሲ ሪሻርድ ሽትራውስ በ1949 ስለሞተ በጀርመን ሙዚቃው ከ2020 ጀምሮ ነፃ ሆኗል። ከመጨረሻዎቹ አራት ዘፈኖቹ የሦስቱን ግጥም የጻፈው ኸርማን ኸሰ ግን የሞተው በ1962 ነው፤ ቃላቱ እስከ 2032 መጨረሻ ጥበቃ አላቸው።

በፎክ ባንዶች ዘንድ አንድ ልማድ ደግሞ አለ፤ የተንጠለጠለ ኮርድ ሲያገኙ «ይዘጋው» ይላሉ። የሹማን «ዲሽተርሊበ» (1840) የመጀመሪያ ዘፈን የሚያልቀው መልስ በሚጠብቅ የሲ ሻርፕ ሰባተኛ ኮርድ ላይ ነው፤ ፍቅሩን የነገራት ሰው መልስ አላገኘም። ጊታሪስቱ የሚዘጋውን ኮርድ፣ ኤፍ ሻርፕ ማይነርን፣ ልጨምር ቢል እጁን ያዙልኝ፤ አድማጩ ሲቁነጠነጥ ይቆይ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ