ረቂቁ ሳይጸድቅ

ብሩኬ፣

በጣም ጠፋሁብህ፤ ይቅር በለኝ። ስንገናኝ እንደልብህ ትወቅሰኛለህ። ዛሬ የጻፍኩልህ የወረርሽኝ ዝግጁነት ዕቅዱን ረቂቅ አንተ እንደያዝከው ስለሰማሁ ነው። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ጨነቀኝ። ሠንጠረዥ እንደምትወድ አውቃለሁና ጭምብሉና ጓንቱ እስከ ፍሬው ተቆጥሮ ይሆናል። ሕጉስ?

እስቲ ደቡብ ኮሪያን ተመልከት፤ መጀመሪያ የ2015ቱን (እ.ኤ.አ.)። ሜርስ የሚባለው የመተንፈሻ አካል ተላላፊ በሽታ ሲገባ መንግሥት በሽተኞቹ የታከሙባቸውን ሆስፒታሎች ስም እስከ ጁን 7 ሳይናገር ቆየ። ሰዉ ሳያውቅ እዚያው ይገባል፣ ይወጣል። በሴኡል አንድ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ከአንድ በሽተኛ ብቻ፣ በሦስት ቀን፣ ከ80 በላይ ሰው ተያዘ። ክፍሉ ተጨናንቋል፤ አስታማሚውም እንደኛ አገር ከአልጋው ሥር አይጠፋም። ባጠቃላይ 186 ሰው ታመመ፣ 38 ሞተ። የአስታማሚ ቁጥር ገደብና መዝገብ በረቂቁ ከሌለ ዛሬውኑ ጨምርልኝ።

ከዚያ ሕጉን አሻሻሉ፦ በአደጋ ጊዜ መደበኛውን ፈቃድ ያላገኘ የምርመራ ኪት (የመመርመሪያ ዕቃ) በጊዜያዊነት እንዲሠራ። በ2020 ጃንዋሪ 27፣ የተረጋገጡት የኮቪድ በሽተኞች አራት ብቻ ሳሉ፣ ኪት አምራቾቹን በሴኡል ባቡር ጣቢያ ሰበሰቧቸው። ፌብሩዋሪ 4 የመጀመሪያው ኪት ተፈቀደ። አሜሪካ በዚያው ወር የመንግሥቱ ኪት ተበላሽቶባት፣ ሌሎች ላብራቶሪዎች በራሳቸው ኪት እንዲሠሩ መንገዱ የተከፈተው ፌብሩዋሪ 29 ነው። እኛም በዚያው ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 2012፣ ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ እንልክ እንደነበር አትርሳ። ማን ይፈቅዳል? በስንት ቀን? ጥራቱን ማን ያረጋግጣል? ይህ በሰላሙ ጊዜ ካልተጻፈ በጭንቁ ጊዜ አይጻፍም።

እነሱም ቢሆኑ ተሳስተዋል። ዴጉ በተባለችው ከተማቸው ቀላሉም ጽኑውም በሽተኛ አልጋ እንዲይዝ ስለተደረገ አልጋው አለቀ፤ ከ2,000 በላይ ሰው ቤቱ ሆኖ ተራ ጠበቀ፣ እየጠበቁ የሞቱም አሉ። ማርች 2 ላይ ነው ሕመሙ ቀላል የሆነውን በማሠልጠኛ ተቋም ማደሪያ ማስተናገድ የጀመሩት። አንተ ማደሪያዎቹን ከወዲሁ ተዋዋላቸው፤ የመጸዳጃውን ብዛት፣ የአምቡላንሱን መንገድ፣ ሕመሙ ሲብስ ወደየትኛው ሆስፒታል እንደሚላክ ጭምር።

አንድ ነገር ለመጻፍ ሳመነታ ነበር፤ አለቆችህ አይወዱትም። የሆስፒታሉ ስም ይነገር፣ የበሽተኛው ማንነት ግን ይጠበቅ። ኮሪያ የበሽተኞችን ዕድሜና ውሎ በዝርዝር ስታወጣ ሰዎች በሰፈር ተለይተው ታወቁ። በሜይ ኢቴዎን በተባለው የሴኡል መዝናኛ ሰፈር በሽታው ሲዛመት ሰዉ መመርመር ፈራ፤ ሴኡል ስም ሳይጠየቅ በስልክ ቁጥር ብቻ መመርመር የጀመረችው ያኔ ነው። በምርመራ ቅጹ ላይ የስም ሳጥን ግዴታ ከሆነ አስወጣው።

የላብራቶሪውን ምዕራፍ ከመጽደቁ በፊት ላክልኝ፤ በሁለት ቀን አንብቤ እመልሳለሁ። እማማንም ሳምልኝ።