ስባሪዎቹን በጣትዎ ይዳብሱልኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ቢሾፍቱ

አባባ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እማማስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አራት ወር ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ቆይቼ ዛሬ ሰላምታ ሳበዛ ብገኝ ያሳፍረኛልና በቀጥታ ልናገር። ለዓይንዎ ሕክምና የሚሆን 900 ዶላር ትናንት በባንክ ልኬአለሁ። ሞራው ከሠርጉ በፊት እንዲገፈፍልዎት እፈልጋለሁ። ቀጠሮውን ዛሬ ነገ ሳትሉ ያዙልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎት እህቴ እንደሆነች አውቃለሁ። እንግዲህ አንቺም ስሚኝ፤ የአንቺ ስም ያለበትን እየዘለልሽ እንዳታነቢ። «ለአባባ ዓይን የጠፋ ገንዘብ ለእንጨት ከየት ተገኘ?» ብለሽ የላክሽው መልእክት እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። ዝም ያልኩት ተቀይሜሽ አይደለም። የምመልሰው ስላጣሁ ነው። ለእንጨቱ፣ ለኮምፔንሳቶውና ለሙጫው በሰባት ወር ያወጣሁት 400 ዶላር ነው። ገንዘቡ የጠፋው በዚያ ምክንያት አልነበረም። በረዶ ላይ አዳልጦኝ የግራ እጄ አንጓ ተሰንጥቆ ስድስት ሳምንት ከሥራ ቀርቼ ነበር። አሁን ድኗል፤ ይህን ለእማማ አታንብቢላት። ቢሆንም 400 ዶላር 400 ዶላር ነው። አባባ በግድግዳ እየተመራ ወደ ደጅ ሲወጣ የምታይው አንቺ ነሽና የመናገር መብት አለሽ።

አባባ፣ ነገሩን ከሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ ይስሙት። አውሮፕላን መሥራት ጀምሬአለሁ። አሻንጉሊት አይደለም፤ ሰው የሚበርበት ባለ ድርብ ክንፍ ነው። በ1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የመጀመሪያው ፖቴዝ 25 ባለ ድርብ ክንፍ እንደነበር የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።

ባለፈው ሐምሌ ከሚኒያፖሊስ ተነሥቼ ኦሽኮሽ ወደምትባል የዊስኮንሲን ከተማ ሄጄ ነበር። ፖል ፖበረዝኒ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1953 ያቋቋመው፣ በየቤታቸው አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር በየዓመቱ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ሣሩ ላይ ከቆሙት መካከል ጆን ሃትዝ የተባለ የዚያው አገር ሰው ነድፎ እ.ኤ.አ. በ1968 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችውን ዓይነት አየሁ። አካሏ ከብረት ቧንቧ የተበየደ፣ ክንፏ እንጨት፣ ልብሷ ጨርቅ ነው። ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ትይዛለች፤ ጣሪያ የላትም። ባለቤቷ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀረብ ብዬ እንዳይ ፈቀዱልኝ። በሁለቱ ክንፎች መካከል የተወጠሩት ሽቦዎች መጨረሻ ላይ ቀጭን ማሰሪያ ሽቦ ተጠምዝዞ ነበር፤ ጥምዝምዙ እኩል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ። አባባ፣ የእርስዎን እጅ አየሁ። ብሎኑ ሊላላ ሲል ሽቦው መልሶ እንዲያጠብቀው አድርጎ ማሰርን በበራችን መቀርቀሪያ ላይ ሲያስተምሩኝ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሳፊር የሚባሉትን አውሮፕላኖች ስትጠግኑበት የነበረው ፒንሳ አሁንም በሣጥንዎ ውስጥ እንዳለ እገምታለሁ። እዚያ ሣር ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። ሰውዬው ምን ነካህ ብለው ሲጠይቁኝ የአባቴ ሙያ ነው አልኳቸው።

የዚያችኑ ዓይነት አውሮፕላን ንድፍ፣ ገዝቶት ሥራውን ካልጀመረ ሰው ላይ ገዛሁት። ሁሉም የሚመክሩት ከክንፉ ጎድን፣ ማለትም ለክንፉ ቅርጹን ከሚሰጡት የውስጥ አጥንቶች፣ ጀምር እያሉ ነው፤ አንዱ ቢበላሽ የሚጠፋው ጥቂት ዶላርና አንድ ምሽት ነውና። በተከራየሁት ጋራዥ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ የጎድኑን ቅርጽ በልኩ ሥዬ፣ ዙሪያውን ትንንሽ የእንጨት ኩቦች ቸነከርኩ። ሩብ ኢንች ውፍረት ያላቸውን ዘንጎች በሙቅ ውኃ አለስልሼ ከአፍንጫው በኩል አጎብጣቸዋለሁ፤ በኩቦቹ መካከል እንዲደርቁ አድርጌ መጋጠሚያዎቹን በቀጭን ኮምፔንሳቶና በኢፖክሲ ሙጫ አያይዛለሁ። እንጨቱ ስፕሩስ ይባላል፤ የጥድ ዘመድ ነው፤ ቀላልና ጠንካራ። ጅማቱ በ15 ኢንች ርዝመት ከ1 ኢንች በላይ ካዘነበለ አይወሰድም። እያንዳንዱን ዘንግ ወደ መብራቱ ይዤ ጅማቱን በዓይኔ እከተላለሁ። ከሌሊት ሥራ ስመለስ ሌላው ተኝቶ እኔ ለአንድ ሰዓት ያህል እዚያ እቀመጣለሁ። በዚህ ሀገር የራሴን ድምፅ የምሰማው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

እማማ ትፈራለች። ልጄ ከሰማይ ይወድቃል ብላ ከሆነ፣ ከመብረሩ በፊት ገና ብዙ ዓመት እንዳለ ንገሯት። ሕጉ ከግማሽ በላይ የሆነውን ሥራ ራሴ እንድሠራ ይጠይቃል፤ ሲያልቅ ተቆጣጣሪ መጥቶ ይመረምራል፤ ከዚያም በኋላ መንገደኛ ሳይጫንበት ብዙ ሰዓት ለሙከራ መብረር አለበት። ፀሐይ የተባለችው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሀገራችን ውስጥ የተሠራችው አውሮፕላን፣ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ከጣሊያን ስትመለስ በስልክ እንዴት እንዳለቀሱ እኔ አልረሳሁም። «የእኛም እጅ ይችላል» ብለውኝ ነበር። ያን ቀን የተናገሩት ቃል ነው እዚህ ጋራዥ ያስገባኝ። ስለዚህ እንጨቱን ስገዛ እርስዎን የረሳሁ እንዳይመስልዎት።

አሁን ስለ ሠርጉ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው ማለታችሁን ሰምቻለሁ። እኔ አልደርስም፤ ወረቀቴ አላለቀም፤ ከወጣሁ መግቢያ የለኝም። እህቴ፣ ይህን ጮክ ብለሽ ስታነቢ ድምፅሽ እንዳይሰበር፤ አባባ ይሰማዋል። ሙሽራውን በፎቶ አይቻለሁ፤ ዓይኑ ደግ ነው። በሽምግልናው ቀን አባባ ምን ብሎ እንደመለሰላቸው አንድም ሰው አልነገረኝም። ቃል በቃል ጻፊልኝ። እኔ ቆሜ መሥራት የነበረብኝን ድንኳን ማን እንደሚተክለው፣ ከአንቺ ጎን ማን እንደሚቆም ንገሪኝ። ለልብስሽ የሚሆን ደግሞ በሚቀጥለው ወር እልካለሁ፤ ከሙጫው በፊት።

አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። እስካሁን 11 ጎድኖች ሠርቼ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። ሙጫ በበጠበጥኩ ቁጥር ከሥራው ጋር አንድ ትርፍ መጋጠሚያ አያይዤ፣ ሲደርቅ በሞርሳ ይዤ እሰብረዋለሁ። እንጨቱ ተሰንጥቆ ሙጫው ከያዘ ሥራው ደህና ነው። ሙጫው ለቅቆ እንጨቱ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ግን ያን ቀን የተሠራው ሁሉ ይጣላል። ከስባሪዎቹ ሦስቱን መለየት አቃተኝ፤ ግማሹ እንጨት፣ ግማሹ ልሙጥ ነው። ለፋሲካ ወደ ሀገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ በቢጫ ፖስታ ልኬልዎታለሁ፤ እያንዳንዱ ላይ ቀኑ ተጽፏል። ዓይንዎ እስኪድን አይጠብቁ። ስባሪው ላይ አውራ ጣትዎን ያሂዱበት፤ ሸካራ ከሆነ እሺ ይበሉኝ፣ የሚያንሸራትት ከሆነ ቀኑን ይንገሩኝና የዚያን ቀኑን አወርዳለሁ።

ልጅዎ፣ ከሚኒያፖሊስ