ናቫን ምሽግ አይደለም፣ ጠላትም አላቃጠለውም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት በሰሜን አየርላንድ ስላለው ናቫን ፎርት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ስለዚህ ቦታ በአማርኛ ሲጻፍ አይቼ አላውቅም። ርዕሱ ግን ቅር አሰኘኝ። «ጠላት ያቃጠለው ጥንታዊ ምሽግ» ይላል። ምሽግም አይደለም፣ ያቃጠለውም ጠላት አይደለም።

የምኖረው ቤልፋስት ነው። ናቫን ከአርማ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለ ሣር የለበሰ ኮረብታ ነው፣ ከእኛ በመኪና አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ኅዳር ላይ ዝናብ ባደረ ማግስት ሄጄ ጉድባው ውስጥ ቆሜ አይቼዋለሁ። እግሬ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ ዞር ዞር ብዬ ሳይ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ከጠላት ለመጠበቅ የሚቆፍር ሰው ጉድባውን ከውጭ ያደርግና አፈሩን ወደ ውስጥ ይክባል፣ የመጣው ሰው መጀመሪያ ጉድጓድ እንዲገጥመው፣ ከዚያ ደግሞ ዳገት እንዲሆንበት። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው። የአፈሩ ክምር በውጭ፣ ጉድባው በውስጥ። ጠላት ክምሩ ላይ ቢወጣ ውስጥ ያሉትን ቁልቁል እያየ ነው ድንጋይ የሚወረውርባቸው። ከ200 ሜትር በላይ ስፋት ያለውን ክብ ቦታ በዚህ አኳኋን ያጠሩ ሰዎች መዋጋት የማያውቁ ቂሎች አልነበሩም፣ ሐሳባቸው ሌላ ነው። ብዙዎቹ አጥኚዎች ቦታው የሥርዓትና የአምልኮ ነበር የሚሉትም ለዚህ ነው፣ እኔም አምናቸዋለሁ።

የእሳቱ ነገር ደግሞ ከዚህም ይገርማል። ደድሊ ዋተርማን የሚባል አርኪዮሎጂስት ከ1963 እስከ 1971 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ኮረብታው አናት ላይ ያለውን ጉብታ ሲቆፍር፣ ከሥሩ ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ክብ ሕንፃ አሻራ አገኘ። ከ200 በላይ የኦክ ግንዶች፣ ቀለበት በቀለበት ተተክለው፣ መሃል ላይ አንድ ትልቅ ምሰሶ። ጎጆ ቤት ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል፣ መጠኑን ብቻ አግዝፎ ያስበው። ግን ምድጃ የለውም፤ ሰው እንደኖረበት የሚያሳይ ምልክትም የለም። ከቆመ በኋላ ውስጡን በኖራ ድንጋይ ሞሉት፣ ድንጋዩ ከሰው ቁመት በላይ እስኪደርስ። ከዚያ በእሳት ለኮሱት። ከዚያ በአፈርና በሣር ቀበሩት። ወራሪ ጦር ቤት አቃጥሎ ይሄዳል እንጂ በሺህ የሚቆጠር ድንጋይ ተሸክሞ ገብቶ፣ ካቃጠለ በኋላ ደግሞ አፈር ሲያለብስ አይከርምም። ራሳቸው የሠሩትን ራሳቸው ናቸው ያቃጠሉት፣ ምናልባትም ከመጀመሪያው አስበውበት።

ደስ የሚለኝ ደግሞ ዓመቱ መታወቁ ነው። የመሃሉ ምሰሶ ግርጌ እርጥብ ጉድጓድ ውስጥ ስለቆየ አልበሰበሰም። የቤልፋስቱ ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የግንዱን የዕድገት ቀለበቶች ዓመታቸው ከታወቀ ሌሎች ዛፎች ጋር አመሳክረው ዛፉ የተቆረጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ95 ዓመት መጨረሻ ወይም በ94 መጀመሪያ እንደሆነ ደረሱበት። «ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ» ብላችሁ ያለፋችሁት ነገር ይሄን ያህል በጥንቃቄ የተለካ ነው።

የግድ ምሽግ የሚመስል ነገር ማሳየት ከፈለጋችሁ ጎረቤቱ አለላችሁ። ወደ ምዕራብ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሄድ ሲሉ ሆሂስ ፎርት የሚባል፣ በሦስት ጉድባ የተከበበ ኮረብታ አለ። እሱ ከናቫኑ ሕንፃ በአንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይቀድማል፣ የነሐስ ዘመን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማደባለቅ ግን አይሆንም።

ፎቶውም ይስተካከል። ናቫን ላይ የጦጣ ራስ ቅል መገኘቱ እውነት ነው፣ እናንተ ግን አብራችሁ ያወጣችሁት የጭላዳ ፎቶ ነው። ጭላዳ የእኛ የደጋ እንስሳ ነው፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይኖርም። የናቫኑ የሰሜን አፍሪካ ጦጣ ነው፤ ዛሬም በሞሮኮና በአልጄሪያ ተራሮች ላይ የሚኖረው፣ ጭራ የሌለው። አጥንቱ የወጣው ከትልቁ ሕንፃ በፊት እዚያው ከነበሩት ክብ ቤቶች ነው። ባሕር ተሻግሮ እዚያ ብርድ ውስጥ የደረሰ አንድ እንስሳ፣ ማን እንዳመጣው፣ ለማን ስጦታ እንደነበረ ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። የሌላ እንስሳ ፎቶ ሲለጠፍበት ይሄ ሁሉ ይጠፋል።

ከጽሑፋችሁ የቀረ አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ለእኔ ትልቁ እሱ ነው። ከኮረብታው ጎን የኖራ ድንጋይ ማውጫ ነበር፣ እየሰፋም ወደ ቦታው ተጠግቶ ነበር። ሰዎች ተቃወሙ፣ በ1985 ጉዳዩ በይፋ በሕዝብ ፊት ተሰማ፣ ማስፋፋቱም ቆመ። ጉድጓዱ ግን አሁንም አለ። ሄዳችሁ ብታዩት ድንጋዩ ምን ያህል ቀርቦ እንደተቆረጠ ያስደነግጣችኋል። ያኔ ዝም ቢባል ኖሮ የተረፈው ዙሪያ ገባ ሁሉ፣ ገና ያልተቆፈረው መሬት ጭምር፣ ጠጠር ሆኖ በከባድ መኪና ይጫን ነበር። በ2020 እኮ እዚያው ኮረብታ ላይ መሬት ሳይቆፈር በመሣሪያ ሲፈተሽ ከሥር ሌሎች ትልልቅ ሕንፃዎች አሻራ ታይቷል።

እባካችሁ ርዕሱን ቀይሩት፣ ፎቶውንም አንሱት። የድንጋይ ማውጫውን ነገር ደግሞ አንድ አንቀጽ ጨምሩበት፤ ከፈለጋችሁ ያነሳሁትን የጉድጓዱን ፎቶ እልክላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከቤልፋስት