ለኅዳር 1 «በዚህ ቀን» የታሪክ ሰሌዳ አዘጋጆች

ሰላም አባላት፣

ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ማርሴይ ላይ የሞተው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 1891 ነው፤ በእኛ ኅዳር 1 ቀን 1884 ዓ.ም.። ጉልበቱ አብጦ መራመድ ስላቃተው ከሐረር እስከ ዘይላ ወደብ በቃሬዛ ነው የወረደው። የከተማችን የሐረር ታሪክ ስለሆነ እሱን ሰፋ አድርጉት።

ስህተት የሚበዛው ቀን ስንለውጥ ነው። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ስላላደረጉ ከእኛ አቆጣጠር ጋር ያላቸው ልዩነት በአንድ ቀን ጨምሯል፤ የዛሬው የቀን መለወጫ ሠንጠረዥ ከዚያ በፊት ለነበሩ ቀኖች አይሠራም። ለፀሐይ ቅርብ የሆነችውን ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪን ያገኘው ሮበርት ኢነስ ኖቬምበር 10 ቀን 1861 ቢወለድም ቦታው ኅዳር 2 ነው። ራምቦ ኅዳር 1 ላይ የዋለው በ1883 ጳጉሜን 6 ስለነበረች ነው። ማርቲን ሉተርማ (ልደቱ ኖቬምበር 10 ቀን 1483) የፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1582 ከመሻሻሉ በፊት ስለሆነ ኅዳር 13 ላይ ይገባል። የቱርኩ መሪ አታቱርክ (የሞተው ኖቬምበር 10 ቀን 1938) አያስቸግርም፤ ኅዳር 1 ቀን 1931 ዓ.ም. ብላችሁ ጻፉት።