ክረምቱ ሳይገባ፦ በግቢና በበረንዳ ሶኬት ለምታስገቡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በወልዲያ የቤት ኤሌክትሪክ መስመር የምንዘረጋ ባለሙያዎች ነን። የምንጽፍላችሁ መብራት ወደ ግቢ የሚወጣበት መንገድ ስላሳሰበን ነው። ለሰርግ፣ ለመውሊድ ወይም ለለቅሶ ድንኳን ሲተከል ማከፋፈያ በመስኮት ተጎትቶ ጭቃው ላይ ይጋደማል። ከዚያ ጠንከር ያለ ሥራ ሠራሁ ያለው ደግሞ ለሳሎን የተሠራ ሶኬት ገዝቶ በረንዳው ላይ ይገጥማል። በደረቁ ወራት ሁለቱም ይሠራሉ። እኛ አገር ግን ሐምሌ ብቻ አይደለም የሚያረጥበው፤ በልግም አለ፣ ደሴ ላይ ደግሞ ጉሙ ዝናብ ሳይዘንብ የሶኬቱ ሆድ ውስጥ ይገባል። ኮምቦልቻ ላይ አቧራው ይብሳል፤ አቧራ እርጥበት ሲጠጣ በፌዙ (ኤሌክትሪኩን ይዞ በሚመጣው ሽቦ) እና በግራውንዱ (ወደ መሬት በሚወርደው ሽቦ) መካከል ኤሌክትሪክ የሚሄድበት መንገድ ይሆናል።

የውጭ ሶኬት ሦስት ነገር የግድ ይፈልጋል፦ ከፓነሉ (ብሬከሮቹ ካሉበት ሳጥን) የሚነሳ የራሱ መስመር፣ 30 ሚሊ አምፒር አርሲዲ (ጅረት ወደ መሬት ሲያመልጥ መስመሩን የሚያጠፋ መሣሪያ)፣ እና እውነተኛ ግራውንድ። ቱቦ መዘርጋቱን፣ ሳጥን መግጠሙን፣ ገመድ መሳቡን እጁ የሚሠራ ሰው ራሱ ሊወጣው ይችላል። ፓነሉ ውስጥ ማገናኘቱንና ከቆጣሪ በኩል ያለውን ግን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይተው።

ብሬከር አለኝ የሚል ሰው ብዙ ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ነው። 16 አምፒር ብሬከር ሰው ፌዝ ጨብጦ እየተንዘፈዘፈ እያለም አይወርድም፤ ሰው የሚገድለው ጅረት ከ1 አምፒር እጅግ ያነሰ ነውና። አርሲዲ በፌዝ የወጣውንና በኒውትራል የተመለሰውን ያነጻጽራል። ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፒር ከደረሰ፣ ማለትም ጅረቱ በሰው ወይም በእርጥብ ግድግዳ በኩል ወደ መሬት ካመለጠ፣ ከ0.3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያጠፋል። አንድ እጁ ፌዝ፣ ሌላ እጁ ኒውትራል የነካን ሰው ግን አያድንም፤ ስለዚህ አርሲዲ አለ ብሎ በመዘናጋት መስመር መነካካት የለም።

ከሁሉ የሚያስጨንቀን የግራውንዱ ጉዳይ ነው። ግቢው ግራውንድ ስለሌለው ሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራሉ ወደ ግራውንዱ በአጭር ሽቦ ማገናኘት የተለመደ ሆኗል። ቴስተር ሲደረግ ሁሉም ደህና ይመስላል። ግን ኒውትራሉ ከፓነሉ ወይም ከፖሉ ላይ በላላ ቀን፣ ሶኬቱ ላይ በተሰካው ምጣድ ማሞቂያ ሽቦ ያለፈው ፌዝ በዚያች አጭር ሽቦ ወደ ምጣዱ ብረት ይመለሳል፤ 220 ቮልት ማለት ነው፣ እርጥብ መሬት ላይ ባዶ እግሯን ለቆመች ሴት። ፊት ለፊቱ አርሲዲ ካለም ሽቦዋ ሥራውን ታበላሽበታለች። ሶኬታችሁን ከፍታችሁ ይህችን ሽቦ ካገኛችሁ ዛሬውኑ አስነሷት።

ግራውንድ ማለት ቢያንስ 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው በመዳብ የተለበጠ ዘንግ፣ ውሃ በማይርቀው የግቢው ጥግ ተቀብሮ፣ ከፓነሉ የግራውንድ ማሰሪያ ጋር በቢጫና አረንጓዴ ሽቦ የተያያዘ ነው። የደሴ ተዳፋት ላይ ዐለት ሲገጥም ዘንጉን ቆርጦ ማሳጠር የለም፤ ሁለት ዘንግ፣ በመካከላቸው ቢያንስ የአንድ ዘንግ ርዝመት ርቀት ትቶ ማያያዝ ይሻላል። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ የዘንጉ አቅም ስለሚቀንስ ልኬቱን በጥር ወይም በግንቦት ማሠራት ከነሐሴ ይልቅ እውነቱን ያሳያል።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ ሳጥኑ ላይ የታተመውን የአይፒ ቁጥር አንብቡ። የመጀመሪያው አኃዝ ስለ አቧራ፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ ነው። አይፒ 44 በደንብ በተከለለ በረንዳ ይበቃል፤ ዝናብ ለሚመታው ግድግዳ 55 ወይም 65 ይሁን። ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር፦ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ክዳኑ ሲዘጋ ብቻ ነው። ዕቃ ተሰክቶበት የሚውል ከሆነ፣ እንደተሰካ የሚዘጋ ጥልቅ ክዳን ያለውን ፈልጉ። ገመዱ ባለ ሦስት ሽቦ 2.5 ካሬ (ሚሊ ሜትር ካሬ) መዳብ፣ ብሬከሩ 16 አምፒር። 3,500 ዋት ምጣድ ለብቻው 16 አምፒር ገደማ ይጠጣል፤ ሶኬቱን የሚያቀልጠውም ይኸው ነው። ስለዚህ ምጣድ በዚህ ሶኬት ላይ አይሰካ፤ በ4 ካሬ ገመድ የራሱ መስመር ይሠራለት።

ቦታ ስትመርጡ ነፋስ ዝናቡን ከሚያመጣበት ግድግዳ ራቁ። አሸንዳ የሌለው ጣሪያ ውሃውን መሬት ላይ አንጥሮ ጭቃ ይረጫልና ከመሬት ከ1 ሜትር በላይ ይሁን፣ ከቧንቧውም ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ። ግድግዳውን ስትበሱ ቀዳዳው ከውስጥ ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ይበል። ብሎኬት ከሆነ በፊሸር ይታሰራል። ጭቃ ቤት ላይ ፊሸር አይዝም፤ ከቋሚ እንጨቱ ጋር ጣውላ ምቱና ሳጥኑን ጣውላው ላይ እሰሩ። ገመዱ ወደ ሳጥኑ የሚገባው ከታች ብቻ ነው፣ በልኩ በሚጠብቅ ግላንድ (ገመዱን ይዞ ውሃ በሚከለክል ማጥበቂያ)፤ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ይመለስ፣ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል። በቆርቆሮ የሚያልፍ ከሆነ ያለ ቱቦና ያለ ጎማ አይለፍ። የቆርቆሮ ጠርዝ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር የገመዱን ልባስ ይልጠዋል፤ ከዚያ በኋላ አጥሩም በሩም የልብስ ማስጫውም ሽቦ ፌዝ ይሆናል።

መስመር ከመንካታችሁ በፊት ብሬከሩን አውርዱ። መብራት ጠፍቷል ብሎ መሥራት እኛ አገር ሰው የሚያስበላ ልማድ ነው፤ መቼ እንደሚመለስ ማንም አይነግራችሁም። የሽቦ ቀለምም አትመኑ፣ ቀዩና ቡናማው፣ ጥቁሩና ሰማያዊው በየቤቱ ተቀላቅሏል። በመልቲሜትር መጀመሪያ መብራት ያለበት ሶኬት ላይ ሞክሩ፣ ከዚያ የምትሠሩበትን፣ ከዚያ ተመልሳችሁ የመጀመሪያውን፤ መሣሪያው ራሱ ሞቶ እንዳይሆን። የሽቦውን ጫፍ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ላጡ፣ አጥብቁ፣ ጎትታችሁ ሞክሩ። የግራውንዱን ሽቦ ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም አድርጉት፤ ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ የሚነቀለው እሱ ይሁን። ውጭ ላይ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል መገጣጠሚያ አይባልም፤ እርጥበቱ ገብቶ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ መገናኛውም እየጋለ ይቃጠላል።

በዝናብ ሌሊት አርሲዲው ከወረደ ተበላሸ ብላችሁ አታስወጡት። ውሃ መግባቱን እየነገራችሁ ነው። የውጭውን መስመር አጥፉ፣ ሲነጋ ሳጥኑን ከፍታችሁ የክዳኑን ጎማና ግላንዱን እዩ፣ አድርቁ። አርሲዲው ላይ ያለችውን ቴስት የምትል ቁልፍ ደግሞ በየወሩ ተጫኗት፤ ካልወረደ ያው ዕለት ይቀየር። ይህን ጽሑፍ በሰኔ ዕትማችሁ ብታወጡልን፣ ለክረምቱ የሚዘጋጁ ቤተሰቦች ጊዜ ያገኛሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት መስመር ዝርጋታ ባለሙያዎች፣ ደሴ